በእጄ ያጸደቅኩት

ካርናዳል፣ ሉዊስ ደሴት
እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1908

ቤሃክ እህቴ፣

ጥፋቱ የቶርኪል ማክሪቺ ነው። ሰላምታ ማስቀደም እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስለ ጤናሽ እየጠየቅኩ ገጹን ብሞላው ወደ ነገሩ ሳልደርስ ወረቀቱ ያልቅብኛል። እንዴት ነሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ጥፋቱ የቶርኪል ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ እውነት ነው። በአባታችን ቤት ውስጥ አሁን ያሉት የቶርኪል ጥጃዎች ናቸው። የታችኛውን ማሳም በድንጋይ አጥሮታል። ይህን ከእኔ አፍ መስማት ሲገባሽ ከመንገደኛ መስማትሽ አሳፍሮኛል፤ ይቅር በዪኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር ቶርኪል ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ዋርሳዬ ነው፣ የሟች ባሌ ወንድም፤ የመንደሩ ወረቀት ሁሉ የሚጻፈውም በእሱ እጅ ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? እሳት ዳር ተቀምጦ አነበበልኝ። አንቺ እስክትመለሽ ድረስ እሱ በታችኛው ማሳ ከብት ሊያሰማራ፣ ቤቱንም ሊጠብቅልሽ፤ በምትኩ እኔ መንገድ ዳር ካለው ከእሱ ጉድብ፣ ደርቆ እንደ እንጨት የሚነደውን ማገዶ አፈር ልቆርጥ። ያነበበው እንዲህ ነው። የተጻፈው ግን ማሳውም ቤቱም ለዘለዓለም የእሱ እንዲሆኑ ነው። መሬቱ በእኔ ስም ስለሆነ የሚፈለገው የእኔ ምልክት ብቻ ነበር። ብዕሩን አስያዘኝ፣ መስቀል አደረግኩ።

አባታችን ሊሞት ሲል "የታችኛው የቤሃክ ነው፤ በመጣች ጊዜ ትግባበት" ያለኝን አልረሳሁም። ግን ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም ነበር። ያልተማረ ሰው እንዲህ ይደረጋል።

እመቤትሽ በመሞታቸው አዝኛለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ምግብ ያበሰልሽበትን ቤት ወራሾቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ልቀቂ ማለታቸው ክፉ ነገር ነው። በእርጅናሽ የምትገቢበትን ቤት እኔ መጠበቅ ሲገባኝ እኔው አሳጣሁሽ። እኔ ሳልሆን ቶርኪል።

እህትሽ ማርሳሊ

*

ኤድንብራ
ሐምሌ 21 ቀን 1908

እቴቴ፣

ተናድጄ ልጽፍልሽ ተነሥቼ ነበር፤ ሁለት ሳምንት አሳልፌ ነው የጻፍኩልሽ። ነገሩን የእመቤቴ ጠበቃ ለነበሩት ለሚስተር ፕሪንግል አጫወትኳቸው። እህቴ ፊደል አታውቅም፣ ደብዳቤውንም የምትጽፍላት የመንደሩ አስተማሪ ናት አልኳቸው። ፊደል መቁጠርሽን የሸሸግኩት ለነገሩ ይበጃል ብዬ ነው፤ አትቀየሚኝ።

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው "ይህ ወረቀት ወረቀት አይደለም" አሉኝ። ማንበብ ለማይችል ሰው በሐሰት የተነበበ፣ በሕጉ መሠረትም ሌላ ሰው ስለ እሱ ያልፈረመበት ወረቀት ዳኛ ፊት ሲቀርብ ይፈርሳል። ቤቱን እናስመልሳለን ብለዋል።

አንድ ነገር ብቻ ያሰጋቸዋል። የዚህ አገር ሕግ ሌላ ቦታ የማይሰማ አንድ ግስ አለው፤ ሆሞሎጌት ይሉታል። ወረቀቱ የማይጸና ቢሆንም፣ ባለጉዳዩ ኋላ ራሱ የጸና አስመስሎ ከሠራበት፣ ያ ሥራው እንደ ፊርማ ተቆጥሮ ወረቀቱን ያጸናዋል። ስለዚህ የሚጠይቁሽን በራሳቸው እጅ በሌላ ወረቀት ጽፈውልሻል፤ ከዚህ ጋር አለ። አንዱንም ሳትዘዪ ሦስቱንም መልሺላቸው። ሌላ የምገባበት ቤት የለኝም፣ እቴቴ።

ቤሃክ

*

ካርናዳል
ነሐሴ 4 ቀን 1908

ቤሃክ፣

የሚስተር ፕሪንግልን ጥያቄ በተራ እመልሳለሁ። ለመጀመሪያው፣ አዎ፣ የወረቀቱ ግልባጭ ነበረኝ፤ ቶርኪል ራሱ ነው የሰጠኝ። በአጃ ዱቄት ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ልኬላቸዋለሁ። ዱቄት ስለነካው ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሁለተኛው፣ ምስክር ሆኖ የቆመ ሰው አልነበረም። የቶርኪል ሚስት በር ላይ ነበረች፤ እሷም የእኔን ዶሮ ስታባርር ነው የዋለችው።

ያን ግስ በተመለከተ ሚስ ኧርካርትን ጠየቅኳት። አስተማሪዋን ማለቴ ነው፣ ፊደል ያስቆጠረችኝን። መዝገበ ቃላቷን ገልጣ ብዙ አነበበችና ፊቴን አይታ ዘጋችው። "ማርሳሊ፣ በፖስታ ጫማ አዘዝሽ እንበል፤ የሌላ ሰው ጫማ መጣልሽ። ሣጥኑ ውስጥ እስካለ ድረስ መመለስ ትችያለሽ። ተጫምተሽው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከሄድሽ ግን የአንቺ ነው" አለችኝ።

"ቢጠበኝስ?" አልኳት።

"እያነከስሽም ቢሆን የአንቺ ነው።"

አጃው ዘንድሮ አጭር ነው። ድንቹ ደኅና ነው፤ ከታችኛው ጥግ ብቻ ትንሽ ጠቁሯል። ላሟ ታማ ነበር፣ ድናለች። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል። ስለ ሻይ ቅጠሉ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ፖስተኛው በር ላይ ቆሟል፣ እሱ ደግሞ መጠበቅ አይወድም።

ማርሳሊ

*

ካርናዳል
ነሐሴ 20 ቀን 1908

ቤሃክ፣

ሁለቴ ጽፈሽልኝ ዝም ስላልኩ ይቅር በዪኝ። እህቴ ታማ ይሆን ብለሽ ለሚስ ኧርካርት እንደጻፍሽላት ነግራኛለች። አልታመምኩም። ብታመም ይሻለኝ ነበር።

በወረቀቱ መሠረት ያደረግሽው ነገር አለ ወይ ለሚለው ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ አድርጌያለሁ። ግንቦት 11 ቀን፣ ሰኞ፣ ከመንገድ ዳሩ ጉድብ ማገዶ አፈር አስቆረጥኩ። በድብቅ አይደለም። ከዚህ ከወጣሽ ብዙ ዘመን ቢሆንም የአፈር ቆረጣ እንዴት እንደሆነ አትረሺውም። ጉድቡ የማን እንደሆነ መንደሩ የሚያውቀው በወረቀት አይደለም፤ የቆራጩን ምሳ ያቀረበውን አይቶ ነው። ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ሰው ጠርቼ፣ ሁለት ደርዘን እንቁላል ቀቅዬ፣ የአጃ ቂጣና አይብ ይዤ፣ ጉድቡ አፋፍ ላይ ጨርቅ ዘርግቼ አበላሁ። ከሁለቱም መንደር የሚያልፈው ሰው ሁሉ አየ።

ሽማግሌው ኒል መቁረጫውን ተደግፎ "ማርሳሊ፣ ቶርኪል በነጻ የሚሰጠው ጉንፋን ብቻ ነው፤ ለዚህ ምን ከፈልሽው?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩና አንድ እንቁላል ጨመርኩለት።

የእኛ ጉድብ ከሐይቁ ማዶ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያን ሁሉ አፈር በቅርጫት በጀርባዬ ማመላለስ አልቻልኩም፤ አምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። የመንገድ ዳሩን ጋሪ ያወጣዋል። ጉልበቴ ነው ያደረገኝ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አላወቅኩም ነበር። ይህን ለሚስተር ፕሪንግል ንገሪያቸው። አላወቅኩም ነበር።

ማርሳሊ

*

ኤድንብራ
መስከረም 2 ቀን 1908

እቴቴ፣

ያን እንቁላል በምትቀቅዪበት ቀን ምነው እኔ ደርሼ ድስቱን በደፋሁት እያልኩ ወደ ሚስተር ፕሪንግል ሄድኩ። ስነግራቸው ግን ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ፈገግ አሉ። ለካ ግሱ ብቻውን አያስርም። ሰው ጉድለቱን እያወቀ ያደረገው እንጂ ሳያውቅ ያደረገው አይቆጠርበትም። "እህትሽ ሳታውቅ ከሆነ መቶ ጉድብ ብትቆርጥ ግድ የለኝም" አሉኝ። ዳኛው መስከረም 24 ቀን ስቶርኖዌይ ላይ ይሰሙሻል። አስተርጓሚ ይኖራል፤ በቋንቋችን ትናገሪያለሽ።

ዛሬ ጠዋት ዕቃዬን ስሰበስብ ከሣጥኔ ሥር የመጀመሪያ ደብዳቤሽን አገኘሁት። ፊደሎቹ ነፋስ እንደመታው እህል ወደ አንድ ጎን ተኝተዋል። "ቤሃክ ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩ" ይላል። የደረሰኝ ዕለት ወጥ ቤት ቆሜ አልቅሼበታለሁ። ከላይ የተጻፈው ቀን መጋቢት 9 ነው።

ዛሬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለማንም አላሳየሁትም። የምጠይቅሽን ታውቂዋለሽ፤ አልጽፈውም።

ቤሃክ

*

ካርናዳል
መስከረም 12 ቀን 1908

ቤሃክ፣

ላልጻፍሽው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው።

ሚያዝያ 29 ቀን፣ ረቡዕ፣ ወረቀቱን ከዱቄት ሣጥኑ አወጣሁት። ያወጣሁት ማንበቤን ልፈትንበት ብዬ ነው እንጂ ጠርጥሬ አልነበረም። በቤቴ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱሱና አንቺ ከላክሽው ሌላ ጽሕፈት ያለበት ነገር እሱ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛውን ወጣት ሳለሁ በየወደቡ ዓሣ ስበልት ሰምቼ አውቀዋለሁ፤ ማንበቡን ነበር ያጣሁት። በጣቴ እየተከተልኩ ከቁርስ እስከ ምሳ ወሰደብኝ። ገብቶኛል። ደግሜም አነበብኩት፤ ሁለተኛውም ያንኑ አለ። መልሼ ዱቄት ውስጥ ከተትኩት።

ሰዎቹን ለሰኞ ሳምንት ጠርቼ ነበር። ቆረጣው ቀርቷል ብል ለምን ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ብናገር ማንበቤን ማውጣት ነው። ቤሃክ፣ ሚስ ኧርካርት ዘንድ የምሄደው ወተት ላደርስ ነው እያልኩ በጓሮ በር ነበር። የሰባት ዓመት ሕፃናት በሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር፣ ጉልበቴ አገጬ ድረስ ተሰቅሎ፣ ክረምቱን ሙሉ ተምሬያለሁ። ኒል ይህን ቢሰማ እስክሞት አይተወኝም። እንዲህ ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት።

ሌላ ደግሞ አለ፤ እሱን እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። አባታችን ሦስት ዓመት ተኝቶ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። አጠብኩት፣ አጎረስኩት፣ ሲሰድበኝ ሰማሁት። አንቺ በየአዲስ ዓመቱ ሻይ ቅጠልና ሥዕል ያለበት ካርድ ላክሽ። ለቀብሩ አልመጣሽም፤ እመቤትሽ እንግዳ ነበረባቸው። እሱ ግን የታችኛው ለቤሃክ ነው አለ፤ አልጋው ሥር ያደርኩትን እኔን አላነሣኝም። ያን ረቡዕ ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ በልቤ ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? ቤሃክ ምንጣፍ ላይ ነው የምትሄደው፣ አትመለስም፣ ጥጃ ይግባበት አልኩ። እንቁላሉን የቀቀልኩት ይህን ብዬ ነው። ጉልበቴ እንዳመመኝ እውነት ነው፤ ያስቆረጠኝ ግን ጉልበቴ አይደለም።

ይህን የሚያውቅ የለም። ሚስ ኧርካርት ካልጠየቁኝ አልናገርም፣ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም ብላለች። ማንም አይጠይቃትም። መጋቢት የጻፍኩትን ደብዳቤ የፈለግሽውን አድርጊው።

ማርሳሊ

*

ኤድንብራ
መስከረም 17 ቀን 1908

እቴቴ፣

መጋቢት የጻፍሽው ደብዳቤ የለም። ምድጃ ውስጥ ገባ።

ስለ አባታችን ያልሽውን አልመልስልሽም። ልክ ነሽ፤ ግን አልመልስልሽም። ቤቱን ስጪኝ። ዳኛው ፊት የሚጠብቅሽ ትንሽ ነገር ነው። ይጠይቁሻል፣ አላወቅኩም ትያለሽ። ቃልሽን ጸሐፊው ጽፎ ያቀርብልሻል፣ እንደ ድሮሽ መስቀል ታደርጊበታለሽ። ከዚያ በኋላ ዕድሜሽን ሙሉ ብትጽፊ ማንም ምንም አይልሽም። ለእኔ ስትዪ አንድ ቀን ብቻ አትጻፊ።

ቤሃክ

*

ካርናዳል
መስከረም 30 ቀን 1908

ቤሃክ፣

ቴሌግራምሽ ደርሶኛል። አዎ፣ ሚስተር ፕሪንግል የነገሩሽ ልክ ነው። እንዴት ሆነ ላልሽው፣ እኔም እንደ ሌላ ሰው ሆኜ ልንገርሽ፤ አለዚያ አልችልም።

መጽሐፍ ቅዱሱን አንሥቼ ማልኩ። ቶርኪል እንዴት እንዳነበበልኝ ጠየቁኝ፤ ተናገርኩ። ግንቦት ስቆርጥ ወረቀቱ የሚለውን አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላወቅኩም አልኩ። አዎ፣ አልኩት። በመሐላ ላይ ዋሸሁልሽ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። የቶርኪል ጠበቃ ሌላ የሚጠይቀው አልነበረውም። ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። አልቆ ነበር፣ ቤሃክ። ቤቱ የአንቺ ነበር።

ከዚያ ጸሐፊው ወረቀቱን አቀረበልኝ። ፂሙ ገና ያላበቀለ ልጅ ነው። ብዕሩን በጣቶቼ መካከል ሰካልኝና በእጁ እጄን ይዞ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት ድምፁን ከፍ አድርጎ "እዚህ ላይ፣ እማማ፣ እንዲህና እንዲህ" እያለ መስቀሉን ሊያስጀምረኝ ሆነ። እጄን ከእጁ አስለቀቅኩ። ስሜን ጻፍኩ። ማርሳሊ ማክኦሌ፣ በአባታችን ስም። ሙሉውን፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል፣ ከመስመሩም ሳልወጣ።

ዳኛው አዩት። ከመቼ ጀምሮ ነው ብለው በራሳቸው አፍ ጠየቁኝ። ካለፈው ወር ጀምሮ ማለት እችል ነበር። ከገና በፊት ጀምሮ አልኳቸው። ወረቀቱን ከግንቦት በፊት አንብበሽው ነበር? አሉኝ። አዎ አልኩ። ቅድም ያልሽውስ? አሉኝ። ዋሽቼ ነው አልኩ። የፈለጉትን ያህል ሊያስሩኝ እንደሚችሉ ነገሩኝና አላሰሩኝም። ከዚያ ያን ግስ ተናገሩት። አስተርጓሚው ጥቂት አሰበና ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ "በእጇ አጽድቃዋለች" አለ።

እውነት ወድጄ ያደረግኩት እንዳይመስልሽ። ሚስ ኧርካርት ጎበዝ ብላኛለች፤ እሷ አታውቀኝም። ውሸቱን ከተናገርኩ በኋላ ልቤ ደኅና ነበር። ያልቻልኩት የዚያን ልጅ እጅ ነው። የአንቺን ቤት ለኩራቴ ሰጠሁት፤ ሁለተኛ ጊዜ።

በረንዳው ላይ ቶርኪል ጠበቀኝ። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ባርኔጣውን አውልቆ "የወንድሜ ሚስት፣ መስቀሉን ብታደርጊ ኖሮ ረትተሽኝ ነበር" አለኝ። አዘነልኝ። ቶርኪል ማክሪቺ ለእኔ አዘነ።

ነይ፣ ቤሃክ። ከእኔ ጋር ኑሪ። በወጥ ቤቱ በኩል ያለው አልጋ ደረቅ ነው። ማገዶው ለሁለት ክረምት ይበቃናል። ነይ።

ማርሳሊ

*

ካርናዳል
ታኅሣሥ 3 ቀን 1908

ቤሃክ፣

ከፒብልስ የጻፍሽው ደረሰኝ። አዲስ የተቀጠርሽበት የሐኪሙ ቤት ደኅና መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የምትተኚበት ሰገነት መስኮቱ እንደማይዘጋ ጽፈሻል፤ ከታጠፈ ጋዜጣ ሱፍ ጨርቅ ይሻላል፣ ልኬልሻለሁ። በአምሳ ዓመት አካባቢ የሰው ቤት ደረጃ እንደ አዲስ መውጣት ከባድ ነው። ይህን የምጽፈው ለማጽናናት አይደለም፤ ማን እንዳወጣሽ ስለማውቅ ነው።

አባታችን ሊሞት ሲል ስለ እኔ ምንም ብሎ እንደሆነ ጠይቀሻል። አንድ ጊዜ ውኃው ቀዝቃዛ ነው ብሎኛል።

ሌላው ጥያቄሽ ከበደኝ። ለአዲስ ዓመት አራት ቀን ፈቃድ አግኝተሻል፤ "ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ አሁንም ነይ ትያለሽ?" ብለሻል። ስድስት ቀን አሰብኩበት። አልጋውን አነጠፍኩ፤ መልሼ አነሣሁት።

ብትመጪ የማነድልሽ ከዚያ ጉድብ የቆረጥኩትን ነው፤ ሌላ የለኝም። አንቺ መምጣትሽ ሲሰማ ለአዲስ ዓመት ሰው ሁሉ ቤቴ ይገባል። ኒል ስለ ኤድንብራ ሴቶች ይቀልዳል። ቶርኪልም ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ቀን በር አይዘጋበትም። ያን ያህል ሰው እያየሽ ምን ታደርጊያለሽ? ብርጭቆ ታቀርቢለታለሽ፣ መልካም ዓመት ትዪዋለሽ። እነሱም ሲወጡ ቤሃክ ከእህቷ ጋር እየበላች ነው፣ ነገሩ አልቋል ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አልቋል ማለት ነው። እኔ ግንቦት ላይ ያደረግኩትን አንቺ በጥር ታደርጊዋለሽ፤ እንደ እኔው፣ እያወቅሽ።

ከፍርድ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ አራት ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ፤ በአራቱም ነይ ብያለሁ። ስለ አንቺ አስቤ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው እሳቴ ዳር እንድትቀመጪልኝ ነው የፈለግኩት፤ ተቀምጠሽ፣ ያቀረብኩልሽን በልተሽ፣ የሠራሁትን እንድታጸኚልኝ።

ይህን አልለምንሽም። ከእንግዲህ ነይ ብዬ አልጽፍልሽም።

ማርሳሊ